ቆሜ ልሥራ ብዬ የሠራኋቸው ስህተቶች

የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። እንጀራዬ የሰው ሂሳብ መሥራት ነው። የሱቅ፣ የጋራዥ፣ የትንንሽ ድርጅቶች። ሐምሌ ገብቶ የግብር ሰሞን ሲመጣ ከላፕቶፑ ጋር አሥርም አሥራ ሁለትም ሰዓት ተፋጠን እንውላለን። ወገቤ ማጉረምረም የጀመረው ድሮ ነው። አምና ግን ከወንበር የምነሳው ጠረጴዛ ተደግፌ ሆነ። ገና አርባ እንኳ አልሞላኝም።

ስታንዲንግ ዴስክ የሚሉትን ያየሁት ያኔ ኢንተርኔት ላይ ነው። ቆመው የሚሠሩበት ጠረጴዛ ማለት ነው። ዋጋውን ሳይ ዘጋሁትና ሰፈሬ ወዳለው እንጨት ቤት ሄድኩ። ጠረጴዛው ተሠራ፣ ወገቤም ቀስ በቀስ ተሻለው። እስኪሻለው ድረስ ግን እግሬንም፣ አንገቴንም፣ አንዴ ደግሞ ላፕቶፑን ራሱን ልጨርሳቸው ነበር። ስህተቶቼን አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋል

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የመጀመሪያው ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሳ ቆምኩ። በላሁና እንደገና ቆምኩ። ጀግና ሆንኩ። ማታ ባቴ ድንጋይ ሆኖ ነበር። በማግስቱ ከአልጋ ስወርድ ተረከዜ መሬት አልነካም አለ።

ጡረታ የወጣች አስተማሪ አክስት አለችኝ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ጠመኔ ይዛ ሰሌዳ ፊት የቆመች። ቡና ልጠጣ እያነከስኩ ስገባ "ምን አገኘህ?" አለችኝ። ለጤናዬ ብዬ ቆሜ መሥራት ጀምሬያለሁ አልኳት። ምንም ሳትል ቀሚሷን ትንሽ ከፍ አድርጋ ባቷን አሳየችኝ። ደም ሥሯ እንደ ሐረግ ተጠማዞ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ተቋጥሮ፣ ቆዳዋን ገፍቶ ወጥቷል።

"አንተ ልጅ፣ መቆም ጤና ቢሆን ኖሮ የኔ እግር እንዲህ ይሆን ነበር?"

ከዚያ በርጩማ ገፋ አደረገችልኝ። ተቀመጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ እግር የወረደ ደም ተመልሶ ወደ ልብ ሽቅብ መውጣት አለበት። ልብ ብቻዋን አትችለውም። ስንራመድ የባታችን ጡንቻ በተኮማተረ ቁጥር ደም ሥሩን ይጨምቀውና ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። ደም ሥሩ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ክዳኖች ደግሞ ተመልሶ እንዳይወርድ ይይዙታል። ዝም ብለን ስንቆም ጡንቻው አይጨምቅም። ደሙ እዚያው ይከማቻል፣ ቁርጭምጭሚት ያብጣል። ይህ ዓመታት ሲደጋገም ክዳኖቹ ይደክማሉ። ሐኪሞች ቫሪኮስ ቬን የሚሉት ይመጣል፤ የአክስቴ ባት ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነበር። ከ83,000 በላይ የእንግሊዝ አገር ሰዎችን መረጃ ተመልክቶ፣ ብዙ መቆም ከልብ በሽታ እንደማያድን አገኘ። እንዲያውም በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ መቆም እንደ ቫሪኮስ ቬንና የደም መርጋት ካሉ የደም ዝውውር ችግሮች ጋር ተያይዞ ታይቷል። ብዙ መቀመጥም አልተመሰገነም። ጥፋቱ ያለው በአንድ ቦታ እንደ ምሰሶ መተከሉ ላይ ነው፤ ወንበር ላይም ተተከሉ፣ እግር ላይ።

ታዲያ ስንት ይቆም? የሥራ ቦታ አመቻችነትን ያጠኑት የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው አለን ሄጅ የሚመክሩት ቀላል ነው። ከግማሽ ሰዓት ውስጥ 20 ደቂቃ መቀመጥ፣ 8 ደቂቃ መቆም፣ 2 ደቂቃ መንቀሳቀስ። እውነቱን ለመናገር እኔ በሰዓት አልቆጥርም። ደረሰኝ ስለይና ስልክ ሳወራ እቆማለሁ። ቁጥር በቁጥር የሆነ፣ ዓይንና እጅ የሚፈልግ ሥራ ሲመጣ እቀመጣለሁ። ደንበኛ በደወለ ቁጥር ደግሞ ከመስኮት እስከ በር እመላለሳለሁ። ጀማሪ ከሆናችሁ በመጀመሪያው ሳምንት በአንድ ጊዜ ከ10 ወይም 15 ደቂቃ አትለፉ። እግርም መልመድ ይፈልጋል።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ በተለይ ተጠንቀቁ። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ሙቀቱ እየጨመረ ነው የሚሄደው፣ ሙቀት ደግሞ ደም ሥርን ያሰፋል። እዚያ የሚሠራ ጓደኛዬ ከሰዓት በኋላ የካልሲው አሻራ እግሩ ላይ ታትሞ ይቀራል።

ከፍታውን ከኢንተርኔት መቅዳት

አናጢው "ከፍታው ስንት ይሁን?" ሲለኝ ስልኬን ከፍቼ ያነበብኩትን "አንድ ሜትር ከአሥር" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው። ዝም አለና ሠራልኝ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ሆኖ ጻፍኩ። አንገቴ ተቆልፎ መዞር አቃተኝ። ጠረጴዛውን በባጃጅ ጭኜ መለስኩለት። አናጢው ሳቀ። "እኔማ ሆን ብዬ ነው። ረጅም ይቆረጣል፣ አጭር አይቀጠልም" አለኝ። ከዚያ ሜትሩን አወጣና ራሴን ለካኝ።

አለካኩ ይሄ ነው። ስትሠሩ የምታደርጉትን ጫማ አድርጋችሁ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። ትከሻችሁን ልቀቁት። ክርናችሁን ወደ 90 ዲግሪ እጠፉ። ሌላ ሰው ከወለሉ እስከ ክርናችሁ ይለካ። ጣታችሁ የሚያርፍበት ኪቦርድ ከዚያ ልክ እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል። ኪቦርዱ ራሱ ሁለት ሳንቲም ያህል ውፍረት አለው፣ እሱንም ቀንሱ። የኔ ክርን 102 ሳንቲም ላይ ነው፤ ጠረጴዛው 100 ሆነ። አናጢው ከአራቱም እግር አሥር አሥር ሳንቲም ቆረጠ። በአንዴ አልቆረጠም፤ ሦስት ሳንቲም እየቀነሰ አስቁሞ ያየኝ ነበር።

ይህ ጠረጴዛ ከፍና ዝቅ አይልም። ለመቀመጫ የድሮዋን ጠረጴዛ አጠገቡ ትቻታለሁ። ላፕቶፑን አንስቼ መዛወር ብቻ ነው። ክፍሉ ጠበበ እንጂ ገንዘቤ ተረፈ።

ላፕቶፑን እንዳለ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ

ላፕቶፕ ስክሪኑና ኪቦርዱ የተጣበቁ ናቸው። ለእጅ ሲመች አንገት ይደፋል፣ ለዓይን ሲመች እጅ ይሰቀላል። ቆማችሁም ተቀምጣችሁም ያው ነው። መፍትሔው ኪቦርድና ማውስ ለብቻ ገዝቶ ላፕቶፑን ከፍ ማድረግ ነው። እኔ ያስቀመጥኩት ያረጁ የሂሳብ መዝገቦች ክምር ላይ ነው፤ ቢያንስ አሁን አንድ ጥቅም አላቸው። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይናችሁ ጋር እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ ይበል። ርቀቱ እጃችሁን ዘርግታችሁ ስክሪኑን የምትነኩበት ያህል ይሁን። ከታች በኩል ለማንበቢያ የተሠራ መነጽር የምታደርጉ ከሆነ ግን ስክሪኑን ትንሽ ተጨማሪ ዝቅ አድርጉት፤ አለበለዚያ አገጫችሁን ሰቅላችሁ ትውላላችሁ።

በነጠላ ጫማ ሴራሚክ ላይ መቆም

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። የጦሳ ተራራ ጭጋግ ለብሶ በዋለ ቀን ወለሉ በረዶ ነው። ሰው ቤቱ ስለሆነ በነጠላ ጫማ ይቆማል፤ ከታች ብርዱ፣ ከላይ የሰውነቱ ክብደት። ተረከዜን ያሳመመኝ ግማሹ ይሄ ነበር። ሶሉ ደልደል ያለ ስኒከር አድርጉ፣ ካልሲ ጨምሩ። እግራችሁ ሥር ወፈር ያለ ምንጣፍ አንጥፉ። የፍራሽ ስፖንጅ ግን አታድርጉ። ሞክሬዋለሁ፤ ስለሚሰምጥ ሚዛን ለመጠበቅ ስትታገሉ ቁርጭምጭሚታችሁ ይደክማል።

ገመዱን መርሳት

ጠረጴዛው ከፍ ሲል የቻርጀሩ ገመድ አብሮት አልረዘመም። ማከፋፈያው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። አንድ ቀን ስልክ እያወራሁ ስዞር በጉልበቴ ጠለፍኩት። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ጫፍ ድረስ ተንሸራቶ በሆዴ ነው የያዝኩት። አሁን ማከፋፈያው በቢስማር ከጠረጴዛው ሥር ተይዟል።

በሞተር ከፍና ዝቅ የሚለውን ልትገዙ ያሰባችሁም ካላችሁ አንድ ነገር አስቡ። የኮምቦልቻው ጓደኛዬ ገዝቶ ነበር። ጠረጴዛው ከፍ እንዳለ መብራት ሄደ፤ አልወርድም አለ። የቀረውን ቀን አልጋው ላይ ተጋድሞ ነው የሠራው። በእጅ የሚዞረው ለኛ አገር ይሻላል ባይ ነኝ።

ያከሳል ብሎ ማሰብ

አያከሳም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የብዙ ጥናቶች ድምር እንዳሳየው፣ መቆም ከመቀመጥ የሚበልጠው በደቂቃ 0.15 ካሎሪ ያህል ነው። ስድስት ሰዓት ብትቆሙ 54 ካሎሪ። አንድ ሙዝ እንኳ አይሞላም።

በአንድ እግር መንጋደድ

ሲደክመን ሳናውቀው ክብደታችንን አንድ እግር ላይ እንጥላለን። ዳሌ ይዛነፋል፣ ወገብ ይጎብጣል። ወይም ጉልበታችንን ቆልፈን እንደ ዘብ እንገተራለን። ወይም ደግሞ ጠረጴዛው ላይ በክርናችን እንደገፋለን፤ ያ ማለት ቁጭ በሉ ማለት ነው፣ ሰውነታችሁን ስሙት። ጉልበታችሁን ትንሽ ላላ አድርጉ። አልፎ አልፎ ተረከዛችሁን አንሱና መልሱ፤ ባታችሁ ደሙን የሚገፋው ያኔ ነው። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ካመመና ከጋለ ግን ይህ የድካም ነገር አይደለም። የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ሳታድሩ ሐኪም ጋ ሂዱ። ነፍሰ ጡሮችና ቀድሞም ቫሪኮስ ያላችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

ለመንጋደዱ የረዳኝ እግር ማሳረፊያ ነው። አንዱን እግር ዝቅ ያለ ነገር ላይ ማሳረፍ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መቀያየር። ወገብ ወዲያው ቀለል ይለዋል። ጡብም ይሆናል። የኔን ግን አናጢው ነው የሠራልኝ። ከጠረጴዛው እግር የቆረጣቸውን ጉማጆች ጎን ለጎን አድርጎ ጣውላ መታባቸው። ገንዘብ ልስጥህ ስለው "ኧረ ተወኝ፣ ያንተው እንጨት ነው" አለኝ።