ለትላልቅ የሴግመንት ማሳያዎች ቮልቴጅ ሲያሳድጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሃዝን በሰባት የሚበሩ ክፍሎች (ሴግመንቶች) በሚያሳይ ትልቅ የሰባት ሴግመንት ማሳያ ውስጥ አራት ወይም አምስት ኤልኢዲዎች ለአንድ ሴግመንት በተከታታይ ስለሚያያዙና እያንዳንዱ ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት ያህል ስለሚወስድ፣ ሴግመንቱ ከ8 እስከ 10 ቮልት ይፈልጋል። 5 ቮልት ብቻ ያለው ሰው ቮልቴጅ የሚያሳድግ ቡስት ኮንቨርተር ይጨምራል፤ ጥፋቱም ከዚያ ይጀምራል።

ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥቴን የሚፈትነው፣ ቮልቴጁን 12 ካደረሱ በኋላ ሴግመንቶቹን በቀጥታ ከማይክሮኮንትሮለር ፒን ጋር ማገናኘት ነው። የጋራ አኖዱ (የኤልኢዲዎቹ አዎንታዊ ጫፎች የሚገናኙበት) 12 ቮልት ላይ፣ ‹‹አጥፋ›› የተባለው ፒን 5 ቮልት ላይ ሲሆኑ በመካከላቸው 7 ቮልት ይቀራል፤ ሁለት ኤልኢዲ ብቻ ያለው የነጥብ ምልክት በዚህ ቮልቴጅ ጨርሶ አይጠፋም። ጀማሪው ኮዱን ሲበረብር ያመሻል፤ ኮዱ ግን እንከን የለበትም። ፒኑን ግቤት ማድረግም አያድንም፤ ከረንቱ በቺፑ መከላከያ ዳዮድ በኩል ወደ 5 ቮልቱ መስመር ይሻገራልና። 50 ቮልት የሚችለውን የማብሪያ ቺፕ ዩኤልኤን2803ን ወይም ሺፍት ሬጂስተር (በጥቂት ሽቦዎች ተራ በተራ የሚላክ መረጃን ወደ ብዙ ፒኖች የሚያከፋፍል ክፍል) ያለበትን ቲፒአይሲ6ቢ595ን በመሃል ያስገቡ፤ ሁለቱም ወደ ግራውንድ የሚስቡ ስለሆኑ አሉታዊ ጫፎቹ በጋራ ለተገናኙበት (ኮመን ካቶድ) ማሳያ አይሆኑም።

ሁለተኛው ስህተት የግቤቱን ከረንት መዘንጋት ነው። አራት አሃዞች ከነነጥባቸው በአንድ ጊዜ ሲበሩ፣ ለእያንዳንዱ ሴግመንት 20 ሚሊአምፒር ብንመድብ፣ በ12 ቮልት 640 ሚሊአምፒር ይሆናል፤ ብቃቱ 85 በመቶ የሆነ ኮንቨርተር ለዚህ ከ5 ቮልቱ ምንጭ 1.8 አምፒር ያህል ይስባል። ‹‹1 ሲያሳይ ይሠራል፣ 8 ሲያሳይ ግን ማይክሮኮንትሮለሩ እንደገና ይነሣል›› የሚል ቅሬታ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምለካው ይህንኑ ነው።

ለነጥቡና ለሴግመንቱ አንድ ዓይነት ሬዚስተር አይጠቀሙ። በዩኤልኤን2803 ላይ 1 ቮልት ያህል እንደሚቀር ካሰብን፣ ለአራት ኤልኢዲ 150 ኦም፣ ለሁለት ግን 360 ኦም ይስማማል።

የቡስት ኮንቨርተሩን የውጤት ቮልቴጅ ማሳያውን ሳያገናኙ በሜትር እየለኩ ያስተካክሉ።

በመጨረሻም የተለመደው ቡስት ሰርኪዩት ሥራውን ቢያቆም እንኳ የግቤቱ ቮልቴጅ በኢንዳክተሩና በዳዮዱ በኩል ወደ ውጤቱ ስለሚያልፍ፣ ሾርት ቢፈጠር ቺፑ ከረንቱን ሊያቋርጠው አይችልም፤ ስለዚህ በግቤቱ ላይ ፊውዝ ያስገቡ።