ከውሻ ጋር በሚኒባስ እየኖሩ ወሎን እንዴት መዞር ይቻላል

ከከሚሴ ሙቀት ተነስቶ ደሴ ብርድ ለመግባት ግማሽ ቀን አይፈጅም። ከሚሴ 1,450 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850፣ ደሴ ደግሞ 2,500 አካባቢ። ሰው ሲሞቀው ልብሱን ያወልቃል፣ ያልበዋል። ውሻ ግን እንደኛ በቆዳው አያልበውም፤ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። ስለዚህ መኪናውን ቤት አድርጋችሁ ስትወጡ ጉዞውን በከፍታ አስሉት፦ ቆላውን በማለዳ ማለፍ፣ ማታ ወይና ደጋ ወይም ደጋ ማደር።

1. ክትባት፣ ከመነሳት ቢያንስ አንድ ወር በፊት

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሳይሰጥ ጉዞው አይጀመር። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ክትባቱ ሰውነቱ ውስጥ እስኪሠራ ሳምንታት ስለሚወስድ በዋዜማው ማስከተብ አይጠቅምም። የክትባት ካርዱን ከመንጃ ፈቃዳችሁ ጋር አስቀምጡት። የትልና የመዥገር መድኃኒትም በዚያው ቀን ይሰጠው።

2. የውሻው ቦታ

ሚኒባስ ከሆነ ከሹፌሩ ጀርባ ያለውን ወንበር አንሱና ወለሉ ላይ የማይንሸራተት ምንጣፍ አንጥፉ። በደረት ማሰሪያ እሰሩት፤ በአንገቱ ብቻ ከታሰረ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ይጎዳል። መስኮቶቹን በሽቦ ወንፊት ሸፍኑ፣ አየር እየገባ ውሻው እንዳይወጣ።

3. መንገድ

በየጠዋቱ የመንገዱን ሰላም በዚያው መስመር የሚመላለሱ ሹፌሮችን ጠይቁ፤ በጨለማ አትንዱ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያስወጣው የሀረጎ ጠመዝማዛም ሆነ ከወልድያ ወደ ጋሸና የሚወስደው የድልብ ዳገት የውሻን ሆድ ይረብሻል፤ ከመነሳታችሁ በፊት ባሉት 2 ወይም 3 ሰዓታት ምግብ አትስጡት፣ ውሃ ግን አትከልክሉት።

የቆመ መኪና ውስጥ ብቻውን አትተዉት። ውጭው 24 ዲግሪ ቢሆን እንኳ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ 34፣ በግማሽ ሰዓት 43 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ምሳ ልብላ ብሎ ቆቦ ላይ መኪና ዘግቶ መግባት ውሻውን መግደል ነው። አፉ ከመጠን በላይ ከለሃጨ፣ ድዱ ከቀላ፣ ከተንገዳገደ ጥላ ስር አውጥታችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ሰውነቱ ላይ አፍስሱ፣ አራግቡት፣ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።

4. ምግብ

ሥጋ ቤት ትራፊ በቀላሉ ይገኛል፤ ጥሬ ሳንባና ጉበት ግን በፍጹም። በበግና በከብት ሳንባ ላይ የምናየው ውሃ የቋጠረ ፊኛ የትል እጭ ነው። ውሻው ከበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ጸጉሩ ላይ ይቀራል፤ ወደ ሰው ሆድ ሲገባ ደግሞ እኛው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ ፊኛ ይሠራል። አብራችሁ በአንዲት ጠባብ ክፍል ስለምትተኙ ይህ የእናንተም ጤና ነው። ሁሉንም በደንብ ቀቅሉ፣ ውሻውን ከነካችሁ እጃችሁን ታጠቡ። ወጥ አትስጡት፤ ሽንኩርት ደሙን ይጎዳል። የበሰለ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይበሳል።

5. ማደሪያ

ዘበኛ ያለው የሆቴል ወይም የፔንሲዮን ግቢ ይሻላል፤ ውሻ መያዛችሁን ገና በሩ ላይ ተናገሩ። በምታድሩበት የወሎ መንደር ሁሉ ጅብ አይጠፋም፣ ጅብ ደግሞ ውሻ ይበላል፤ ስለዚህ ማታ መኪና ውስጥ ይተኛ፣ ለሽንት የሚወጣው ሳይመሽና ከነጋ በኋላ በገመድ ነው። በገመድ መያዙ ሌላም ጥቅም አለው፦ በየከተማው ባለቤት የሌላቸው ውሾች በመርዝ የሚገደሉበት ጊዜ አለ፤ መሬት ላይ የተጣለ ሥጋ እንዳያነሳ ተጠንቀቁ።

ሲበርድ ባና ወይም ጋቢ ጨምሩ። ከሰል ግን መኪና ውስጥ እንዳታስገቡ፤ ጭስ ባይታይም እናንተንም ውሻውንም በእንቅልፋችሁ ይገድላል።

6. ሰው ደጅ

ወሎ ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት ነው፤ በሁለቱም ዘንድ የውሻ ወግ አለ። የውሻ ምራቅ ለሙስሊሙ ነጃሳ ነው፣ የነካው ልብስና ዕቃ ይታጠባል። ቡና ጠጡ ብለው ከጠሯችሁ ውሻውን መኪናው ጥላ ስር አንድ ሰው ይጠብቀው። ወደ መስጊድና ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውሻ አይገባም፤ ሐይቅ እስጢፋኖስም ላሊበላም ያው ነው። ሰው ከነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ያህል እጠቡ፣ የተነከሰውን ጤና ጣቢያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ውሻው ደግሞ ለ10 ቀን ታስሮ ይታያል።

7. ቀይ ቀበሮ ያለበት ተራራ

በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሌለው ቀይ ቀበሮ በአቡነ ዮሴፍ፣ በደላንታና በቦረና ሳይንት ተራሮች ይኖራል። የቀሩት አዋቂዎች በአገሪቱ ሁሉ ተደምረው ከ500 ያንሳሉ፤ የሚጨርሳቸው አንዱ ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. ባሌ ላይ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ውሻችሁ ቢከተብም እዚያ አታውጡት፤ ሌሎች በሽታዎችም ይተላለፋሉና። ሁለት ሆናችሁ ከሆነ ተራ ግቡ፦ አንዱ ላሊበላ ከውሻው ጋር ይቆይ፣ ሌላው ወደ አቡነ ዮሴፍ ይውጣ፤ በማግስቱ ተቀያየሩ።