የተሳፈረው ተቆጠረ፣ የቀረውስ? የከተማ ትራንስፖርትን በዳታ ስናቅድ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማታ 12 ሰዓት ተኩል፣ መገናኛ። የሰሚት ሰልፍ ተጠማዝዞ ከአያት ሰልፍ ጋር ተቀላቅሏል፤ ሰው ጫፉን ጠይቆ ነው የሚቆመው። በዚህ ሰዓት አንድ ቆጣሪ እስክሪብቶና ቅጽ ይዞ ቢመጣ፣ በሰዓት ስንት ታክሲ እንደወጣ፣ በእያንዳንዱም ስንት ሰው እንደተሳፈረ ይመዘግባል። ቁጥሩ ትክክል ይሆናል። አርባ ደቂቃ ቆሞ ተስፋ ሲቆርጥ በእግሩ ያዘገመው ወጣት ግን እዚያ ወረቀት ላይ የለም። ሰልፉን ፈርታ የማታ ትምህርቷን ያቆመችውም የለችም።

በፍጥነት በሚያድግ ከተማ ትራንስፖርትን በዳታ ማቀድ በስሜት ከማቀድ በብዙ ይሻላል፤ በዚህ አልከራከርም። የምከራከረው ዳታው ማንን እንደያዘና ማንን እንደተወ ሳይጠየቅ ወደ ውሳኔ ሲኬድ ነው። ምሳሌዬን በአብዛኛው ከአዲስ አበባ እወስዳለሁ።

የተሳፈረውን ቆጥሮ ፍላጎቱን ለካሁ ማለት

ከሁሉም የሚብሰው ይህ ነው። የተሸጠ ትኬት የሚነግረን የቀረበውን አገልግሎት መጠን እንጂ የተፈለገውን አይደለም። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ሥራ ሲጀምር 34 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመርና 41 ባቡሮች ነበሩት። ከዓመታት በኋላ በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ ባቡሮች ቆሙ። ባቡር ሲቀንስ የትኬት ሽያጭም መቀነሱ አይቀርም። ሽያጩን ብቻ ያየ ሰው «ሕዝቡ ባቡሩን ትቶታል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ስታዲየም ጣቢያ ላይ በር አልዘጋ ብሎ ሰው በሰው ላይ ሲገፋ ያየ ግን እንዲህ አይልም።

ሁለተኛው ወጥመድ ማቆራረጥ ነው። ከሜክሲኮ ጀሞ መጫን ያለበት ታክሲ በመውጫ ሰዓት «ሳር ቤት፣ ሳር ቤት ብቻ!» ይላል። ተሳፋሪው ሳር ቤት ወርዶ እንደገና ይሰለፋል፣ እንደገና ይከፍላል። በሰንጠረዡ ላይ ይህ ሰው ሁለት ሰው ይሆናል፤ አንዱ ረጅም ጉዞም ሁለት አጫጭር ጉዞዎች። ያንን የሚያነብ ባለሙያ «የአካባቢው ነዋሪ አጭር ርቀት ነው የሚጓዘው» ብሎ ይደመድምና አጫጭር መስመር ያቅዳል። እንዲህ እያለ የሹፌሩ ማቆራረጥ የከተማው እቅድ ይሆናል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ቆጣሪው የሚወጣውን መኪና ብቻ ሳይሆን የሰልፉን ርዝመት በየሩብ ሰዓቱ ይመዝግብ፤ ከሰልፍ ወጥተው የሚሄዱትንም ይቁጠር። ለተሳፋሪው አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃል፦ «ከቤት የወጡት ከየት ነው፣ መጨረሻዎስ የት ነው?» ደግሞም ንጋት 11 ሰዓት ላይ ፌርማታ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። በዚያ ሰዓት የሚሳፈረው ሁሉ ሥራው ማልዶ የሚገባ አይደለም፤ ሰልፉን ሽሽት ከእንቅልፉ ቀንሶ የመጣም አለ።

መኪና እየቆጠሩ ሰው መርሳት

በአንድ አደባባይ አንድ ሚኒባስና ስድስት የቤት መኪና አለፉ እንበል። በመኪና ቆጠራ የቤት መኪናው ስድስት ለአንድ ይመራል። በሰው ቆጠራ፣ ሚኒባሱ 12 ተሳፋሪ ከያዘና በየቤት መኪናው ሹፌሩ ብቻ ካለ፣ ውጤቱ ተገልብጦ 12 ለስድስት ይሆናል። መንገድ የሚሰፋው፣ የትራፊክ መብራት ደቂቃ የሚከፋፈለው በየትኛው ቁጥር ነው? እዚህ ላይ ነው እግረኛው ሙሉ በሙሉ የሚጠፋው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር እንደሆነ ከተማው ራሱ ያስጠናው ያሳያል፤ እግረኛ የሚመዘገብበት ዓምድ የሌለው የቆጠራ ቅጽ ግን ዛሬም አለ።

ባለፈው ዘመን ከተማ ላይ የዛሬን መስመር መዘርጋት

የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም ነው። ያኔ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት። ቀጣዩ ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። እና ዛሬ የምንሰማው የከተማው ሕዝብ ቁጥር ሁሉ ከዚያ ተነስቶ የተገመተ ነው። ግምቱ ጠቅላላ ድምሩን ቢያገኘው እንኳ ሰው የት እንደሚኖር አያውቅም። ለትራንስፖርት ደግሞ ወሳኙ የቱ ጋ ነው የሚለው ነው።

በእነዚህ ዓመታት ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮየ ፈጬ ሞሉ። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ቤቱ ዳር ወጣ፤ ሥራው፣ የልጁ ትምህርት ቤትና ዕድሩ ግን መሀል ቀረ። በኮሪደር ልማቱ ደግሞ ፒያሳና ካዛንቺስ በወራት ውስጥ ተቀየሩ፤ ከካዛንቺስ ገላን ጉራ የገባ ቤተሰብ በአንድ ቀን የጉዞ ካርታው ተለወጠ። ከዚያ በፊት የተሰበሰበ የጉዞ ጥናት የቱንም ያህል ጥንቃቄ ቢደረግበት፣ አሁን የሌለ ሰፈር ትዝታ ነው።

ቆጠራ እስኪመጣ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም። የቤቶች ርክክብ ዝርዝር፣ የመብራት ቆጣሪ ብዛት፣ የትምህርት ቤቶች የተማሪ ምዝገባ፣ የሳተላይት ምስል አሉ። አንዳቸውም ብቻቸውን ሙሉ አይደሉም። ቤቱ ተረክቦ ቁልፉ የተንጠለጠለ ስንት አለ! መብራት ቆጣሪው ላይ የሚነበበው ፍጆታ ግን ቤቱ ሰው ይኑርበት አይኑርበት ያጋልጣል።

ወቅትም ያው ነው። ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ተዘግቶ የተቆጠረ ቁጥር ለመስከረም አይሆንም። የበዓል ዋዜማም እንዲሁ።

ሰዓቱንና ስሙን ሳያጠሩ መደመር

የውጭ መማሪያዎች ላይ የማታገኙት፣ እኛ ጋ ግን ሥራ የሚያበላሽ ስህተት ይህ ነው። ቆጣሪው «2:00» ብሎ ይጽፋል፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ሰው እንዳለ ያስገባዋል፤ ሶፍትዌሩ ሌሊት ስምንት ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። አውቶቡሱ ላይ ያለው ጂፒኤስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመዘግበው ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው በግሪንዊች ሰዓት ስለሆነ፣ ያው የጠዋት ሁለት ሰዓት «5:00» ሆኖ ይመጣል። ሦስቱን ያለ ማስታረቅ የደመረ ሰው ከተማዋ ሌሊቱን ሙሉ ስትጓጓዝ የምታድር ይመስለዋል።

ቀኑም ያስቸግራል። «05/01/2016» መስከረም 5 ነው ወይስ የፈረንጆቹ ጥር? በሁለቱ መካከል ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ልዩነት አለ።

የቦታ ስም ይብሳል። አንድ ፋይል ውስጥ «ጦር ኃይሎች»፣ «ጦር ሀይሎች»፣ «ጦር ሃይሎች»፣ «ጦርኃይሎች» ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ። ለእኛ አንድ ቦታ ነው፤ ለኮምፒውተሩ አራት ፌርማታ። ተሳፋሪው ለአራት ሲካፈል ትልቁ ተርሚናል ትንሽ ሆኖ ወጣ። «ሃያ ሁለት»ን በቁጥር የሚጽፍም በፊደል የሚጽፍም አለ። ለእያንዳንዱ ፌርማታ ከመነሻው መለያ ቁጥር መስጠት፣ ሰዓትና ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ቅጹ አናት ላይ ማስፈር ይህን ሁሉ ያስቀራል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን ከዚህ በኋላ ለሚመጣው ማንኛውም ትንታኔ መሠረቱ ነው።

በአማካይ መደለል

በአንድ መስመር በሰዓት ስድስት አውቶቡስ ይመጣል እንበል። በየአሥር ደቂቃው ከመጡ ተሳፋሪ በአማካይ አምስት ደቂቃ ይጠብቃል። አሁን እነዚያው ስድስት አውቶቡሶች መንገድ ተዘጋግቶባቸው ሁለት ሁለት ሆነው በየሃያ ደቂቃው ይምጡ። በሰዓት ስድስት የሚለው ሪፖርት አልተለወጠም፤ የተሳፋሪው ቆይታ ግን በአማካይ አሥር ደቂቃ ሆነ፣ በእጥፍ ጨመረ። አንበሳ አውቶቡስ ከጠፋ ጠፍቶ በኋላ ተከታትሎ ሲመጣ ያየ ሁሉ ይህን ሒሳብ በእግሩ ያውቀዋል። የመጀመሪያው አፍ እስከ ገደፉ ይሞላል፤ ሁለተኛው ባዶውን ይከተላል። ስለዚህ መለካት ያለበት በሰዓት ስንት መጣ የሚለው ሳይሆን በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ክፍተት ነው። ሠራተኛ ከቤቱ የሚወጣበትን ሰዓት የሚወስነውም በጥሩው ቀን ሳይሆን ባረፈደበት ቀን ነው።

ስልክ የያዘውን ሁሉ ከተማው ነው ማለት

የሞባይል ዳታ ብዙ ይሠራል። የአይቢኤም ተመራማሪዎች በኮትዲቯር ከስልክ ኩባንያው ኦሬንጅ የተገኙ የአምስት ሚሊዮን ደንበኞችን 2.5 ቢሊዮን የጥሪና የመልእክት መዝገቦች ተጠቅመው፣ በአቢጃን የአውቶቡስ መስመሮች ላይ ማሻሻያ ቢደረግ የጉዞ ጊዜን አሥር በመቶ ገደማ መቀነስ እንደሚቻል አስልተዋል። ያ መዝገብ ግን የአንድ ኩባንያ ደንበኞችን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ያልደወለ ሰውም የሄደበት አይታወቅም። የታክሲ መጥሪያ አፕ ዳታ ደግሞ ከዚህም ይጠብባል፦ የሚያሳየው ለራይድ የሚከፍል ሰው የሚሄድበትን ነው። በዚያ ላይ ተመሥርቶ የአውቶቡስ መስመር ቢዘረጋ ቦሌ በቦሌ ይሆናል።

ስሙን አጥፍተነዋል ማለትም አይበቃም። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት፣ ከ1.5 ሚሊዮን ሰዎች መዝገብ ውስጥ 95 በመቶዎቹን ለይቶ ለማውጣት አራት የቦታና የሰዓት ነጥቦች እንደሚበቁ አሳይቷል። ቤትህ፣ ሥራህ፣ ቤተ ክርስቲያንህ ወይም መስጊድህ፣ የእናትህ ቤት፤ አለቀ።

በቤት ለቤት መጠይቅም ተመሳሳይ ነገር ይፈጠራል። በር ላይ የሚጠየቀው አባወራው ነው፤ እሱም የራሱን ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ይናገራል። ልጅ አድርሳ፣ ገበያ ደርሳ፣ የታመመ ጠይቃ የምትመለሰው የሚስቱ ጉዞ «ቤት ውስጥ ናት» በሚለው ይዋጣል።

ታክሲውን ከካርታው ማስቀረት

ብዙ የከተማ እቅዶች አውቶቡሱንና ባቡሩን በደማቅ ቀለም ይስሉና ሚኒባሱን ይተዉታል፤ «ሥርዓት የለውም» በሚል። ናይሮቢም እንዲሁ ነበረች። ከዚያ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካዎቹ ኤም አይ ቲና ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ተማሪዎችን ስልክ አስይዞ ማታቱ በሚባለው የኬንያ ሚኒባስ ላይ አሳፈረ። ከ130 በላይ መስመሮች ተመዘገቡ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ካርታው ለሕዝብ ወጣ። ሥርዓት የለውም የተባለው ነገር መስመር፣ ፌርማታና ቁጥር ነበረው፤ ያልነበረው የሚጽፈው ሰው ነው።

እኛ ጋ ታፔላ አለ፣ ተራ አስከባሪ አለ። የትኛው መስመር ስንት ሰዓት ላይ እንደሚደርቅ፣ ሹፌሮች የትኛውን ኮረብታ በነዳጅ ምክንያት እንደሚሸሹ ተራ አስከባሪው ያለ ኮምፒውተር ይነግራችኋል። ሻይ ጋብዛችሁ ጠይቁት፤ የሚለውን ግን በቆጠራ አረጋግጡ፣ እሱም የራሱ ጥቅም አለውና። በሠራችሁት ካርታ ላይ እያንዳንዱ መስመር የተጠናበትን ቀን ጻፉ። አንድ ተርሚናል በተዛወረ ማግስት ካርታው ላይ የትኛው መስመር እንደሞተ የሚያውቀው ታፔላውን የቀየረው ሹፌር ብቻ ነው።