ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ ስክሪኑ ወደ ጎን ሲሸሽ

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ የምትሠራ አንዲት እህት ደወለችልኝ። ዴስክቶፗ ላይ ዊንዶውስ 10 እንደ አዲስ ተጭኖላት ነበር። ሄጄ ሳየው በግራ በኩል የስታርት ምልክቱ ግማሹ ተቆርጧል። በቀኝ በኩል ደግሞ ጣት የምታህል ጥቁር መስመር ከላይ እስከ ታች ቆማለች። «ወንድሜ፣ እንደገና ፎርማት ይደረግ ወይስ ሞኒተሩ ነው የተበላሸው?» አለችኝ።

ሁለቱም አይደለም። ብዙ ሰው ግን እዚህ ላይ በከንቱ ገንዘብ ያወጣል፤ ያሳዝነኛል።

ነገሩ ያለው ኮምፒውተሩን ከሞኒተሩ ጋር የምታገናኘው ሰማያዊዋ የቪጂኤ ኬብል ጋ ነው። በእሷ የሚያልፈው ሲግናል አናሎግ ነው። ምስሉ የት እንደሚጀምር ሞኒተሩ ራሱ ይገምታል። ሲስተሙ ሲቀየር ሪዞሉሽኑም፣ ማለትም ምስሉ የሚሠራበት የነጥቦች ብዛት፣ አብሮ ሊቀየር ይችላል። ያኔ ሞኒተሩ የያዘው የድሮ ልክ አይገጥምም።

መጀመሪያ ዴስክቶፑ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ዲስፕሌይ ሴቲንግስ ግቡ። ሪኮሜንድድ የሚለውን ሪዞሉሽን ምረጡ። ጠበብ ያለው የድሮው 19 ኢንች ሞኒተር አብዛኛውን ጊዜ 1280 በ1024 ነው። ቀጥሎ ስክሪኑን የሚሞላ ነጭ ነገር ክፈቱ። ይቺን ብዙዎች ይዘሏታል። ዳር ዳሩ ጥቁር ከሆነ ሞኒተሩ የምስሉን ጠርዝ መለየት ይቸግረዋል። አሁን ሞኒተሩ ላይ አውቶ የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ምስሉ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ይልና ቦታው ላይ ይቀመጣል። የእህታችንም በዚሁ ተስተካከለ። አውቶ ከሌለው ሜኑው ውስጥ ገብታችሁ በሆሪዞንታል ፖዚሽን በእጅ ግፉት።

ፊደሉ ከተለጠጠ፣ ትክክለኛው ሪዞሉሽንም ከምርጫው ውስጥ ከጠፋ፣ ብዙ ጊዜ ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስ የኮምፒውተሩን ክፍል የሚያዝበት ፕሮግራም፣ ይጎድላል ማለት ነው። ዲቫይስ ማናጀር (የኮምፒውተሩ ክፍሎች ዝርዝር) ውስጥ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ የሚለውን ክፈቱ። «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ካለ የግራፊክሱ ድራይቨር አልተጫነም። ኢንተርኔት ካላችሁ ዊንዶውስ አፕዴት ብዙ ጊዜ ያመጣዋል። ከሌላችሁ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ሄዳችሁ ከአምራቹ ድረ ገጽ ላይ አውርዳችሁ በፍላሽ አምጡት። ብዙ ድራይቨር አንድ ላይ ያጨቁ ሶፍትዌሮችን አልመክርም፤ ያልጠራችሁትን ፕሮግራም ይዘው ይገባሉ።

ኮምፒውተሩን በኤችዲኤምአይ ኬብል ቲቪ ላይ ሰክታችሁ አራቱም ጠርዝ ከተቆረጠ ኮምፒውተሩን አትነካኩ። ጠርዙን የሚቆርጠው ራሱ ቲቪው ነው። በሪሞቱ የፒክቸር ሳይዝ ምርጫ ውስጥ ገብታችሁ ጀስት ስካን ወይም ስክሪን ፊት የሚለውን ምረጡ።