የመጸው ቀለማትን በስልክ ካሜራ ማንሳት፦ ችግርና መፍትሄ

ወርቃማ ብርሃን፣ ጉም፣ የደበዘዘ ሰማይ። ቅጠል የሚረግፍበትን ወቅት የሚያሳዩት እነዚህ ናቸው፤ የስልክ ካሜራ ግን ጉድለት እየመሰሉት ሊያርማቸው ይሞክራል። ከታች ያሉት አብዛኞቹ መፍትሄዎች ስልኩ በራሱ የሚወስነውን እርስዎ እንዲወስኑ የሚያደርጉ ናቸው። ከሁሉ በፊት ሌንሱን በንጹህ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት። የጣት ቅባት ያለበት ሌንስ ወደ ፀሐይ ሲዞር ፎቶውን በሙሉ ነጭ ጭጋግ ያለብሰዋል፤ ያንን ደግሞ የትኛውም ማስተካከያ አያነሳውም።

ለዓይን ወርቃማ የነበረው ዛፍ በፎቶው ላይ አመድ መስሏል

በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው፤ መነሻው ግን ሁለት ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ዋይት ባላንስ (ካሜራው የቀለሙን ሙቀትና ቅዝቃዜ የሚያስተካክልበት ቅንብር) ነው። ምስሉን ቢጫና ብርቱካናማ ሲሞላው ስልኩ ብርሃኑ ራሱ ቢጫ ነው ብሎ ያስብና ለማካካስ ሰማያዊ ይጨምርበታል። ፕሮ ሞድ (ቅንብሮቹን በእጅ የሚያስተካክሉበት የካሜራ አማራጭ) ካለ ዋይት ባላንሱን ከአውቶማቲክ አውጥተው ለፀሐይ 5500 ኬልቪን (የቀለም ሙቀት መለኪያ)፣ ለደመና 6500፣ ለጥላ 7500 አካባቢ ላይ ያቁሙት። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ፎቶው ይሞቃል። ፕሮ ሞድ ከሌለ ካነሱ በኋላ በማስተካከያው ውስጥ የቀለሙን ሙቀት ትንሽ ከፍ ያድርጉ።

ሁለተኛው ነጸብራቅ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋውም እሱን ነው። የቅጠል ገጽ በተለይ ሲርስ የሰማዩን ነጭ ብርሃን ይመልሳል፣ ከስሩ ያለው ቀለም ይሸፈናል። ለመለየት አንድ እርምጃ ወደ ጎን ይበሉ፦ ነጩ ነገር ከቦታው ከተንቀሳቀሰ ነጸብራቅ ነው። የቀለም ድምቀት መጨመር እዚህ ላይ አይረዳም። የሚረዳው ፖላራይዘር ማጣሪያ፣ ማለትም ሌንሱ ፊት የሚደረግ ነጸብራቅ የሚቀንስ መስታወት ነው። ማጣሪያው ከሌለ ፖላራይዝድ የሆነ የፀሐይ መነጽር ሌንሱ ፊት አስጠግተው ቀስ እያሉ ያዙሩት፤ ነጸብራቁ የሚጠፋበት ቦታ ላይ ሲደርስ ያንሱ። ብርሃኑን ቢያንስ በግማሽ ስለሚቀንስ እጅዎን ማደላደልዎን አይርሱ። የመነጽሩ መስታወት የራሱ ቀለም ካለው ደግሞ ዋይት ባላንሱን እንደገና ማየት ያስፈልጋል።

መነጽርም ከሌለ በቅጠሉ ማዶ ዞረው ፀሐይዋን ከጀርባው ያድርጓት። በቅጠሉ ውስጥ አልፎ የሚመጣ ብርሃን ቀለሙንም ጅማቱንም ያወጣዋል።

ቀይ ቅጠል አንድ ወጥ ቀይ ሆኖ ጅማቱ ጠፍቷል

ደማቅ ቀይ ሲነሳ ካሜራው ምስሉን ከሚሠራባቸው ሦስት የቀለም ቻናሎች (ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ) ቀዩ ቀድሞ ይሞላል፣ ዝርዝሩም እዚያው ይቀራል። ቅጠሉን በስክሪኑ ላይ ይንኩና የብርሃኑን መጠን ከ−0.3 እስከ −0.7 ዝቅ ያድርጉ። ስልኩ ትዕይንቱን እየለየ ቀለም የሚያደምቅ አማራጭ ካለው ያጥፉት፤ ለቀይ ቅጠል ከሚጠቅመው የሚጎዳው ይበልጣል።

ጉሙ ቆሻሻ ግራጫ ሆኗል

ካሜራው ነጭ ነገርን ወደ መካከለኛ ግራጫ ይጎትታል። የብርሃኑን መጠን ከ+0.7 እስከ +1 ከፍ ያድርጉ። ኤችዲአር (ደማቁንና ጨለማውን ክፍል የሚያመጣጥነው አማራጭ) የጉሙን ልስላሴ ስለሚያሻክረው ማጥፋት የሚቻል ከሆነ ያጥፉት።

በሸረሪት ድር ላይ ያለው ጤዛ ደብዝዞ ከኋላው ያለው ቁጥቋጦ ጠርቷል

ድሩ በጣም ቀጭን ስለሆነ ካሜራው አልፎት ያያል። መዳፍዎን ከድሩ ጎን፣ ከስልኩ እኩል ርቀት ላይ ይያዙ፤ ፎከሱ መቆለፉ እስኪታይ ድረስ መዳፉ ላይ ተጭነው ይቆዩ፤ ከዚያ እጅዎን አንስተው ድሩን ያንሱ። ከኋላው ጥቁር ጥላ፣ ከጀርባና ከጎን የሚመጣ ፀሐይ ካለ ጠብታዎቹ ያበራሉ።

በቅርብ የተነሳ ቅጠል አይጠራም

ዋናው ሌንስ ከተወሰነ ርቀት በታች ፎከስ አያደርግም። አንዳንድ ስልኮች በጣም ሲጠጉ ወደ ሰፊው ሌንስ በራሳቸው ይቀየራሉ፤ የሱ ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) አብዛኛውን ጊዜ አነስተኛ ስለሆነ በደመናማ ቀን ምስሉ ይሻክራል። ወደ 25 ሴንቲሜትር ይራቁና 2 እጥፍ ዙም ይጠቀሙ። ችግሩ ነፋስ ከሆነ በፕሮ ሞድ የሹተሩን ፍጥነት (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/500 ሰከንድ፣ በአየር ላይ ላለ ቅጠል 1/1000 አድርገው በተከታታይ ያንሱ። ፖርትሬት ሞድን ለቅጠል ባይጠቀሙ ይመረጣል፦ ቀጭን ግንዱን ከጀርባው ጋር አብሮ ያደበዝዘዋል።

ባትሪው ገና ሳያልቅ ስልኩ ይጠፋል

ሊቲየም ባትሪ በብርድ ኃይል የመስጠት አቅሙ ይቀንሳል። በማያነሱበት ጊዜ ስልኩን ከውስጠኛ ኪስ ያድርጉት፤ ሲሞቅ አቅሙ ይመለሳል። ወደ ሞቃት ቤት ከመግባትዎ በፊት ደግሞ በሚታሸግ ፕላስቲክ ከረጢት ይክተቱትና የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ አይክፈቱት፤ አለበለዚያ እርጥበቱ ሌንሱ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።