ረጃጅም የጊት ትእዛዞችን በኤሊያስ ማሳጠር

ጊትን (የፋይሎችን ለውጥ መዝግቦ የሚይዘውን ፕሮግራም) በተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት፣ የሚጠቀም ሰው ቀኑን ሙሉ የሚጽፈው ያንኑ ነው። ጊት ስታተስ፣ ጊት አድ፣ ጊት ኮሚት፣ እንደገና ጊት ስታተስ። ኤሊያስ ለእንዲህ ያለው ትእዛዝ የሚወጣ አጭር ስም ነው። ስሙን ስትጽፉ ሼሉ (ትእዛዛችሁን ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም) ሙሉውን ትእዛዝ ይተካላችኋል። (ትእዛዞቹን እዚህ እንደ አነባበባቸው ነው የጻፍኳቸው። ኪቦርዱ ላይ በእንግሊዝኛ ትናንሽ ፊደላት አስገቧቸው።)

መጀመሪያ ሂስትሪ ብላችሁ ኢንተር ምቱ። በቅርቡ የጻፋችኋቸው ትእዛዞች ይዘረዘራሉ። ቶሎ ቶሎ የሚመላለሱትን ሦስት አራት ብቻ ምረጡ። ከሌላ ሰው ሃምሳ ኤሊያስ መገልበጥን አልመክርም፤ ራሳችሁ ያላወጣችሁት ስም ቶሎ ይረሳል።

ቀጥሎ ስም ማውጣት ነው። ለጊት ስታተስ ጂ ኤስ ማለት ይቀናል። ግን ከመቸኮላችሁ በፊት ታይፕ ጻፉ፣ ክፍተት ስጡና ስሙን አስከትሉ። ጎስትስክሪፕት የተባለው ፕሮግራም የሚነሳው በእነዚሁ ሁለት ፊደላት ስለሆነ፣ ኮምፒውተራችሁ ላይ ካለ ሼሉ ቦታውን ይነግራችኋል። እንግዲያው ጂ ኤስ ቲ ብትሉት ይሻላል።

አሁን እንሞክረው። ኤሊያስ ብላችሁ ክፍተት፣ ከዚያ ጂ ኤስ ቲ፣ ከዚያ የእኩል ምልክት፣ ከዚያ በነጠላ ጥቅስ ውስጥ ጊት ስታተስ። ከእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ምንም ክፍተት አይኑር! ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚችው ላይ ነው፤ ክፍተት ከገባ ሼሉ ስሙንና ትእዛዙን ለየብቻ ያነባቸዋል። ጥቅሱም ነጠላ ይሁን። በድርብ ጥቅስ ውስጥ ቫሪያብል (ዋጋ የሚይዝ ስም) ካለ ዋጋው ኤሊያሱን ስትፈጥሩ ያኔውኑ ይተካል፤ በነጠላው ግን እስክትጠቀሙበት ይቆያል።

ይህ ኤሊያስ ተርሚናሉ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። እንዲቆይላችሁ ያንኑ መስመር ሆም ፎልደር ውስጥ ባለው የሼሉ ፋይል መጨረሻ ላይ ጻፉት። ሼላችሁ ባሽ የሚባለው ከሆነ ፋይሉ በነጥብ የሚጀምረው ባሽ አር ሲ፣ ዚሽ የሚባለው ከሆነ ደግሞ እንደዚሁ በነጥብ የሚጀምረው ዚሽ አር ሲ ነው። ማክ ከ2019ኙ ካታሊና ወዲህ የሚመጣው በዚሽ ነው። ፋይሉን ሴቭ አድርጋችሁ አዲስ ተርሚናል ክፈቱ።

ከስሙ ቀጥሎ የምትጽፉት ሁሉ ትእዛዙ መጨረሻ ላይ ይቀጠላል። ስለዚህ ጊት ኮሚት ዳሽ ኤም በኤሊያስ አሪፍ ይሠራል፤ መልእክቱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነዋ። መሃል ላይ የሚገባ ነገር ካለ ግን ፈንክሽን (የሰጣችሁትን ነገር የፈለጋችሁበት ቦታ የሚያስገባ፣ በስም የሚጠራ የትእዛዝ ስብስብ) ጻፉ።

ጊት ሪሴት ዳሽ ዳሽ ሃርድን ግን እባካችሁ አታሳጥሩት። ኮሚት ያልተደረገ፣ ማለትም በጊት ያልተመዘገበ፣ ለውጥ በዚህ ትእዛዝ ከጠፋ ብዙውን ጊዜ ጊት ሊመልስላችሁ አይችልም። ለእሱ ስም አውጥታችሁ ከነበረ መስመሩን ከፋይሉ ሰርዙት፤ በተከፈተው ተርሚናል ላይ ደግሞ አንኤሊያስ ብላችሁ ስሙን አስከትሉ።