ጅማ ላይ ቤታችሁን ደማቅ ቀለም ልታስቀቡ ነው?

የቤታችሁን ውጪ ደፈር ባለ ቀለም ልታስቀቡ ካሰባችሁ ከትንሿ የናሙና ካርድ ላይ ብቻ አትምረጡ። ቀለም ትልቅ ግድግዳ ላይ፣ ያውም ፀሐይ ሲያርፍበት፣ ካርዱ ላይ ካለው ደምቆ ነው የሚታየው። ከወደዳችሁት አንድ ደረጃ ደብዘዝ ያለውን ውሰዱ። ትንሽ ገዝታችሁ ሜትር በሜትር የሚሆን ቦታ ሁለት እጅ ቀቡና ጠዋትም ቀትርም ሲመሻሽም እዩት። ዝናብ ሲመታውም እዩት፤ ጅማ ላይ ብዙ አያስጠብቅም።

አፈሩን ደግሞ አትርሱ። ክረምት ላይ ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ ቀዩን ጭቃ እያፈናጠረ የግድግዳውን ታች ያበላሸዋል። ነጭና ቢጫ ላይማ ጉድ ነው! ታችኛውን ግማሽ ሜትር ያህል ጠቆር ባለ ቡናማ ለዩት። ለላዩም ከደማቅ ቀይ ይልቅ የጡብ ቀይ፣ ከሎሚ ቢጫ ይልቅ የአፈር ቢጫ ፀሐይ ይችላል። አረንጓዴ? ዙሪያው ሁሉ ዛፍ በሆነበት ከተማ እኔ ብሆን እተወዋለሁ።

አዲስ ልስን ከሆነ 4 ሳምንት ያህል ይድረቅ። ቀለሙን የምታስበጠብጡ ከሆነ ለቤቱ በሙሉ የሚበቃውን በአንዴ አስበጥብጡ፤ በኋላ ያንኑ መልክ ማግኘት ከባድ ነው።